ሊቀ ድጋሚ እና ቀዩ ነጥብ

"እስቲ ድገመው" የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዚህ አገር የለም። ካለም ገና አልተከፈተም። ባሕር ዳር ላይ፣ የጣና ገዳማትን ብራናዎች ፎቶ እያነሳ በሚያስቀምጠው ትንሽ ቢሮ ይህን ከፍተኛ ማዕረግ የያዙት ብራና መርማሪው መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ናቸው። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሀኒ በልቧ "ሊቀ ድጋሚ" ብላ ሾማቸዋለች።

መሪጌታ ባጃጅ ሲሳፈሩ ሹፌሩ የሚወርዱበትን ሰፈር ሦስት ጊዜ ካልነገራቸው አይቀመጡም። አንድ ቀን ሐሙሲት ላይ አውቶቡስ ሊነሳ ሲል "ተሳፋሪው እንደገና ካልተቆጠረ ሞቼ እገኛለሁ" አሉ። ረዳቱ እያጉረመረመ ቢቆጥር አንዲት ሴት ሻይ ቤት ቀርታለች! ከዚያ ወዲህማ ማን ይቻላቸው።

ሀኒ ደግሞ ዝግታ ያንገሸግሻታል። አንዱ የብራና ገጽ ፎቶ ከታመቀበት ተፈትቶ ስክሪን ላይ እስኪወጣ አርባ ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ሦስት ሳምንት ከኮዱ ጋር ታገለች። ፕሮሰሰሩ የፎቶውን ቅንጣቶች፣ ፒክስሎቹን፣ አንድ በአንድ መልቀሙን ትቶ ስምንት ስምንቱን በአንድ ላይ እንዲያነሳ አደረገች፤ የቀረውን ሥራ ያለ ሥራ ተጎልቶ ለነበረው ግራፊክስ ካርድ አሸከመችው። ገጹ ዓይን ሳይርገበገብ ብቅ አለ። ራሷ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች።

"አዩት መሪጌታ?"

"አየሁት። እስቲ ድገሚው፤ አልጠገብሁም።"

በንዴት አራት ጊዜ ደገመችላቸው።

በአዲሱ ኮድ ስምንት ሺህ ገጽ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ተገልብጦ አለቀ። የቀረው ዋናዎቹን ፎቶዎች ካሉበት ዲስክ ማጥፋት ብቻ ነው፤ ዲስኩ ለሚቀጥለው ፎቶ ማንሳት ባዶውን ቁንዝላ በኩል ወዳለው ገዳም ሊሄድ ጀልባ ይጠብቃል። መጻሕፍቱን እንደገና ፎቶ ማንሳት አይታሰብም። ብራናው እየተሰነጠቀ ስለሆነ አበምኔቱ የፈቀዱት ለአንድ ጊዜ ነው።

ጣቷ ማውሱ ላይ እንዳለ መሪጌታ "ቆዪ!" ብለው ጮኹ። አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው።

"ቀዩ ነጥብ የት ሄደ?"

"የቱ?"

"ከዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ከአራቱ ጥቁር ነጥቦች መካከል ያለው ነዋ! ጸሐፊው ብዕር ቀይሮ በቀይ ቀለም የነጠበው። ምን አደረግሽው ልጄ?"

ሀኒ ዋናውን ፎቶ ከጎኑ ከፈተች። ክው ብላ ቀረች። ቀዩ እዚያ አለ፤ እዚህ የለም! ለካስ ካርዱ እንዲያ የሚፈጥነው ለአራት ጎረቤት ፒክስሎች አንድ ቀለም እያካፈለ ኖሯል፤ ያቺን ቅንጣት ቀይ ጥቁሮቹ ውጠዋታል። ስምንት ሺህ ገጽ! አንዲት ጠቅታ ነበር የቀራት። ማውሱን ገፋ አድርጋ አራቀችው።

ሦስት ቀን ፈጀባት። ካርዱ ለእያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ቀለም እንዲሰጥ አዘዘችው፤ ትንሽ ዘገየ፣ ግን አሁንም ፈጣን ነው። ሁሉንም እንደ አዲስ ገልብጣ መሪጌታን ጠራች። ቀዩ ነጥብ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል።

መሪጌታ አንዷን ገጽ አንድ ጊዜ አዩ። "ደኅና ነው፤ ዋናውን አጥፊው" አሉና መነጽራቸውን አውልቀው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ።

ሀኒ ከነጥቡ መጥፋት ይልቅ ይሄ አስደነገጣት።

"አንድ ጊዜ ብቻ? ኧረ መሪጌታ፣ ይቀመጡ! እኔ አልጠገብሁም። እስቲ ይድገሙት።"

መሪጌታ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን እንደገና አደረጉና "ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪ" አሏት።