የወንድም ኦጁሉ ሰላምታ

ለመሆኑ ከሰላምታ ሸሽታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሸሽቻለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን አስተናጋጅ ወንድም ኦጁሉ በር ላይ እጄን ከያዘ፣ የቤተሰቤን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠይቆ ሳይጨርስ አይለቅም። በጋምቤላ ሙቀት እንዲህ የተያዘ እጅ ምን እንደሚሆን አስቡት! ስለዚህ በጓሮ በር እየገባሁ ከምሰሶው ጀርባ መቀመጥ ጀመርኩ።

አንድ እሑድ አንድ የባጃጅ ሹፌር በሩ ላይ ብቅ አለ። ወንድም ኦጁሉ ወዲያው እጁን ያዘው።

«እኔ እንኳ ተሳፋሪ የረሳችውን ጃንጥላ ላደርስ ነው።»

«ጃንጥላም ይግባ፣ አንተም ግባ። ፀሐይ ነው!»

ወስዶ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠው። «እንግዶች ተነሡ» ሲባል ሰውየው ከነጃንጥላው ተነሣ፤ ጭብጨባው የባሮን ወንዝ ተሻግሮ ሳይሰማ አይቀርም። ሚኒስትር ቢመጣ ከዚህ በላይ ምን ይደረግለታል? ባጃጁ ውስጥ የሚጠብቁት ሌሎች ተሳፋሪዎች ግን በፀሐይ ተቀቀሉ።

በሳምንቱ ሹፌሩ ያለ ጃንጥላ መጣ። ግቢው ውስጥ አግኝቼው ሳቄን እያፈንኩ፣ «ዛሬስ ምን ልታደርስ ነው?» አልኩት።

«ምንም። ብቀር ያ በር ላይ ያለው ሰውዬ ምን ሆኖ ቀረ ብሎ ይጨነቃል ብዬ ነው» አለኝና በቀጥታ ወደ ፊት በር አመራ።

እኔስ ብቀር ማን ይጨነቃል? እያልኩ ተከተልኩት። ወንድም ኦጁሉ ገና ሲያየኝ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«ወንድሜ፣ ተሻለህ? ስትጠፋብኝ ታሟል ብዬ ስጸልይልህ ከረምኩ።»



«ተሻለኝ» አልኩ።