የወይዘሮ ኢርምጋርድ የደኅንነት ዘመን

እግዚአብሔር የፈረስን ጀርባ ለመቀመጫ፣ መሬትን ለመቆሚያ አድርጎ ፈጥሮ ሳለ፣ ጤነኛ ልጅ መሬቱን ትታ የሚጋልብ ፈረስ ጀርባ ላይ የምትቆመው ለምንድን ነው?

ወይዘሮ ኢርምጋርድ ይህን ጥያቄ በየደረጃው ለሚመለከታቸው ሁሉ አቅርበዋል። ቄሱ “እጅግ ጥልቅ ጥያቄ ነው” ብለው መኪናቸውን አስነሡ። የጥርስ ሐኪሙ ምናልባት መልስ ነበረው፤ ነገር ግን ጥያቄው የቀረበለት የሴትዮዋን አፍ በጥጥ ሞልቶት ሳለ ስለነበር ሳይገባው ቀረ። በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ ዋናዋ ባለጉዳይ፣ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ፌንያ ተመራ።

“ኦማ ደግሞ! ቁጭ ካልኩማ ማን ያየኛል?” አለች ፌንያ፤ አያቷን ኦማ ነው የምትላቸው።

“ማን እንዲያይሽ ነው?”

“ዳኞቹ ናቸዋ።”

“ወድቀሽ ስትሰባበሪ የሚያይሽ ሐኪም ነው!”

“እሱም ይየኝ።”

“ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይባላል። ወይዘሮ ኢርምጋርድ ከተረቱ ጋር ጠብ የላቸውም። ፈረስ እንደሚያደርስ ያምናሉ፤ የሚያደርሰው ግን ሆስፒታል ነው ባይ ናቸው። የፌንያ እናት ሩቅ ከተማ የምትሠራ ነርስ ስለሆነች ልጅቱን ለገዛ እናቷ፣ ለወይዘሮ ኢርምጋርድ ትታለች። “ሙሉ አካሏን ተረክቤያታለሁ፤ ሙሉ አካሏን አስረክባለሁ” ይላሉ አያት፣ ፌንያ ከጎረቤት የተዋሱት የሸክላ ሳህን የሆነች ይመስል።

ነገሩ የሚፈጸመው በመንደሩ ዳር ባለው ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ባልታዛር የሚባል፣ ጀርባው እንደ ገበታ የሰፋ ዳማ ፈረስ በረጅም ገመድ ተይዞ በክብ ይጋልባል። ገመዱን መሐል ላይ ቆማ የምትይዘው አሰልጣኟ ቴልኬ ናት፤ ቦት ጫማዋን ለሠርግም የምታወልቀው አይመስልም። ልጆቹ ከፈረሱ ጎን እየሮጡ ይደርሳሉ፤ ጀርባው ላይ የታሰረውን ባለ እጀታ የቆዳ ቀበቶ ጨብጠው ሽቅብ ይወነጨፋሉ። ልብ ያለው ሰው እዚያ ከደረሰ በኋላ ይቀመጥ ነበር። እነሱ ይቆማሉ። መቆሙ አልበቃ ብሏቸው ደግሞ አንዷ ሌላዋን ትሸከማለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ሙዚቃ አለ፤ ሰው አንገቱን በዜማ ቢሰብር ይሻለው ይመስል።

በጸደይ ወራት አንድ ቀን ፌንያ ወደ እራት የመጣችው እየዘለለች ነበር። የጉበት ቋሊማ የተቀባ ዳቦዋን እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

“ኦማ! ለበጋው ውድድር ላይኛዋ እኔ ነኝ!”

“ከማን ላይ?”

“ከሄንሪኬ ትከሻ ላይ።”

“ሄንሪኬስ?”

“ከባልታዛር ላይ።”

“ባልታዛርስ?”

“ባልታዛርማ ይጋልባላ!”

ወይዘሮ ኢርምጋርድ ሹካቸውን አስቀመጡ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይናቸው ሳይዞር አደረ።

እዚህ ላይ ስለ ማኅበሩ ሕገ መንግሥት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የፈረስ ላይ ጂምናስቲክ ማኅበር በፈረስ የሚቆም ለሚመስለው የዋህ እናዝናለን። ማኅበር የሚቆመው በኬክ ነው። ውድድር በተባለ ቀን የአያቶች የኬክ ጠረጴዛ ከውድድሩ ሜዳ ይረዝማል፤ እንግዳው ሕዝብ ወደ ፈረሶቹ የሚያየው አፉ ሲሞላ ብቻ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የወይዘሮ ኢርምጋርድ ቅቤ የጠገበ የፖም ኬክ ንጉሥ ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ሎዴማን ከፈረስ ጋር ያላቸው ትውውቅ የአክስት ባል ያህል ሩቅ ሲሆን፣ ከዚህ ኬክ ጋር ግን የሥጋ ዝምድና አላቸው፤ ወገባቸው ምስክር ነው።

እናም በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ወይዘሮ ኢርምጋርድ ተነሥተው “ልጄ ላይኛዋ ከሆነች ዘንድሮ ኬክ አልጋግርም” ሲሉ፣ አዳራሹ ውስጥ የቢራ ብርጭቆ ወደ አፍ መሄዱን አቆመ።

አቶ ሎዴማን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። “የተከበራችሁ አባላት! ማኅበራችን ጦርነት አይቷል። ጎርፍ አይቷል። የፈረስ ጉንፋን አይቷል። ያለ ኬክ ያለፈ በጋ ግን አላየም፤ እኔ በሕይወት እያለሁም አያይም!”

ጭብጨባው ሳያባራ የደኅንነት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢዋም ወይዘሮ ኢርምጋርድ ሆኑ። ሹመቱ ብርቱካንማ ሰደርያና ፊሽካ ነበረው። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ይባላል፤ አዲሷ ተሿሚ ግን ምንም አልበሉም። እንዲያውም የመጀመሪያው ትእዛዛቸው በልምምድ ሰዓት ማስቲካ ማኘክን የሚከለክል ነበር።

ሁለተኛው ትእዛዝ በመርሕ ላይ የቆመ ነው። መውደቅን ማስቀረት ካልተቻለ አወዳደቅን ማለስለስ ይቻላል። ስለዚህ ፈረሱ የሚዞርበት ክብ ዙሪያውን በድርቆሽ ተሞላ። ባልታዛር ይህን ያህል የሰው ልጅ ደግነት አይቶ አያውቅም። ሙዚቃው ሲጀመር አንገቱን ደፋ፤ ሲያልቅም አላቀናም።

“ወይዘሮ ኢርምጋርድ፣ ፈረሱ ደኅንነቱን እየበላው ነው” አለች ቴልኬ።

“ቀስ እያለ ይብላ፤ እንዳያንቀው።”

ድርቆሹ ወደ ሆድ ገባ፤ ሆዱም ወደ ውጭ ወጣ፤ ቀበቶውም አልደርስ አለ። ኮሚቴው ለእንስሳው ልብ በመራራት ግልቢያን ከለከለና በርምጃ ተካው። ባልታዛር እየተራመደ ማንኮራፋት ጀመረ። ቀጥሎ መቆም ተከለከለ፤ መንበርከክ ተፈቀደ። ከዚያ መንበርከክም ተከልክሎ መቀመጥ ብቻ ቀረ፤ እሱም በሁለት እጅ ይዞ፣ ወደ ፊት እያዩ፣ ሳይሳሳቁ።

ሄንሪኬ ትከሻዋ የሰፋ፣ አፏም የማያርፍ ልጅ ናት። “ወይዘሮ ኢርምጋርድ፣ ይሄማ አውቶቡስ ነው” አለች።

“አውቶቡስ ምን አደረገሽ?”

“አውቶቡስስ ይደርሳል።”

ፊሽካ ተነፋ።

ፌንያ በነዚህ ሳምንታት እንደ ጥላ አያቷን ተከተለች፤ በጓሮው፣ በምድጃው፣ በልብስ ማስጫው።

“ኦማ፣ እባክሽ። ዘንድሮ ብቻ።”

“ከርሞ ትቆሚያለሽ። ትደርሺበታለሽ።”

“ከርሞማ እረዝማለሁ! ላይኛ የሚኮነው ትንሽ ሲኮን ነው። ሄንሪኬ እኮ ድሮ ላይኛ ነበረች፣ በአንድ ክረምት ተመዘዘችና አበቃላት። ዘንድሮ ካልወጣሁ መቼም አልወጣም።”

“ረዝመሽ ልይሽ እንጂ፣ የኔ እናት! ረዝመሽ ልይሽ!” አሉ አያት፤ ይህን ሲሉ ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ስለነበር የልጅቱን ፊት በደንብ አላዩትም።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው የአደጋን ምንጭ የሚያጠና ጉባኤ ተቀመጠ። ክርክሩ ጠንካራ፣ ቡናው ቀጭን ነበር። በመጨረሻም እስከዛሬ ማንም ያላስተዋለው ሐቅ ተደረሰበት፦ ሰው ከፈረስ ላይ የሚወድቀው ፈረስ ሲኖር ነው። ባልታዛር አንገቱ ላይ አበባ ተንጠልጥሎለት፣ የምስጋና ንግግር ተደርጎለት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ግጦሽ በጡረታ ተሸኘ። በንግግሩ መሐል አበባውን በላው። ልጓሙን ሰብሳቢዋ ወስደው ከቤታቸው በር ጀርባ ሰቀሉት።

“ተኝቶ የከረመ ፈረስ ይረሳል” አለች ቴልኬ። “በቶሎ ካልመለስነው ውድድሩ ላይ አንደርስም።”

“ማን ነው ውድድሩን የሰረዘው? ውድድሩ አለ!” አሉ አቶ ሎዴማን ተቆጥተው።

ውድድሩ በእርግጥ አልተሰረዘም። ልጆች ለመለማመጃ የሚወጡበት፣ አራት እግር ያለው የእንጨት በርሜል አለ፤ እሱ በፈረሱ ቦታ ተሾመ። ከፍታው አሳሳቢ ሆኖ ስለተገኘ እግሮቹ ተቆረጡ። ዙሪያው ፍራሽ ተነጠፈ። በደንቡ መሠረት ቴልኬ መሐል ላይ ቆማ ገመዱን እንድትይዝ፣ የገመዱም ጫፍ በበርሜሉ ላይ እንዲታሰር ተወሰነ፤ ድንገት ቢደነብርስ? ለውድድሩ ሙከራ በተባለው ቀን ልጆቹ የሚያብረቀርቅ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተጎንጉነው በሙዚቃ ገቡ፤ በዳኛ ቦታ ለተቀመጠው ኮሚቴ እጅ ነሡ፤ በርሜሉ ላይ በየተራ ተቀመጡ፤ ወረዱ።

“ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ አንድም ልጅ አልወደቀም!” ብለው አወጁ አቶ ሎዴማን።

“ከየት ይውደቁ?” አለች ቴልኬ ገመዷን እንደያዘች። ጭብጨባው ስለበረታ አልተሰማም።

ፌንያ መለመኗን አቆመች። መለመኗን ብቻ አይደለም፤ እራት ላይ የሚጠየቀውን በ“እሺ” ትመልሳለች፣ ሳህኗን ታጥባለች፣ ትተኛለች። ወይዘሮ ኢርምጋርድ “ልብ ገዛችልኝ” ብለው ለጎረቤት አወሩ፤ አውርተው ሲመለሱ ግን ቤቱ ምነው ጭር አለብኝ ብለው ሬዲዮ ከፈቱ። ጥቂት ቆይታ ልጅቱ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ እጇን አነሣች።

“ኮሚቴው የወጣት ተወካይ የለውም።”

ወዲያው ተመረጠች። አያት በኩራት አለቀሱ።

“የተከበሩ ሰብሳቢ” አለች ተወካይዋ ገና ሳትቀመጥ፤ “አዳራሹ ውስጥ ከእንግዲህ አደጋ የለም። ሌላ ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም። ለመሆኑ አብዝቶ የሚወድቀው ማነው?”

አቶ ሎዴማን ፊታቸው በራ። ኮሚቴ ያለ አደጋ ምን ሠርቶ ይኖራል ብለው ሲጨነቁ ሰንብተው ነበር። “አረጋውያን! በገዛ ቤታቸው!” አሉ እንደ አዲስ አገር ያገኘ መርከበኛ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የወይዘሮ ኢርምጋርድ በር ተንኳኳ። አቶ ሎዴማን ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰው ቆመዋል። ሄንሪኬ ቀይና ነጭ ጥብጣብ በክንዷ ጠምጥማለች። ፊሽካው ፌንያ አንገት ላይ ነው፤ በጓሮ በር ወጥታ በፊት ለፊት በር ነው የመጣችው።

“እርስዎ ወይዘሮ ኢርምጋርድ ነዎት?”

“ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ኦማሽ አይደለሁም እንዴ?”

“ኮሚቴው ዘመድ አያውቅም። ይቅርታ፣ እንግባ።”

የምድር ቤቱ ደረጃ ቁልቁለት ሆኖ ተገኘ፤ ጥብጣብ ተወጠረበት። ማእድ ቤት ውስጥ ከመደርደሪያው ሥር በርጩማ ነበር።

“እዚህ ላይ ይቆማሉ?”

“ማርማላታው ላይኛው ላይ ነው! ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልብረር?”

“ማርማላታው ይውረድ” አለች ፌንያ። ሄንሪኬ በርጩማውን ወሰደችው። ቀጥሎ ተወካይዋ ወደ ምድጃው ዞር ስትል አቶ ሎዴማን በመሐል ዘለው ገቡ።

“ምድጃው ይቆይ! ምድጃው... እንዲያው የሕዝብ ጥቅም ነው!”

“ደኅንነት አድልዎ አያውቅም ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ አቶ ሎዴማን?”

“አያውቅም። ምድጃውን ግን ያውቀዋል።”

ምድጃው በልዩ ሁኔታ ታለፈ። ከዚያ ወደ ጓሮው መጋዘን ወጡ። እዚያ የወይዘሮ ኢርምጋርድ ብስክሌት ቆሟል። በዝናብም በውርጭም፣ ሙልጭልጭ ባለው የድንጋይ መንገድ ላይ፣ እንቁላል በቅርጫት ጭነው የሚነዱት እሱን ነው፤ ባላቸው ሲሞቱ እንኳ ወደ መቃብሩ የሄዱት በእሱ ነው።

“ይህ በኮሚቴው ቁጥጥር ሥር ውሏል” አለች ፌንያ።

“ኧረ በሕግ! እኔ ያለሱ እንዴት እኖራለሁ? ገበያ በምን እሄዳለሁ?”

“ኮሚቴው ጨካኝ አይደለም። ምትክ አዘጋጅቷል።”

አቶ ሎዴማንና ሄንሪኬ እያለከለኩ አንድ ነገር ተሸክመው ሳሎን አስገቡ። ከሊቀመንበሩ ምድር ቤት የመጣ፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚረግጠው የስፖርት ብስክሌት ነበር። ጎማ የለውም። በመስኮቱ አንጻር ሳይሆን፣ ፀሐይ ዐይን እንዳይወጋ ተብሎ በግድግዳው ትይዩ ተተከለ።

“እስከዛሬ ማንም ወድቆበት አያውቅም!” አሉ አቶ ሎዴማን በኩራት። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ወጥተውበት አያውቁም።

ወይዘሮ ኢርምጋርድ ብረቱን ዞሩት። ፔዳሉን በእግራቸው ነካ አደረጉት። አንድ ነገር ውስጡ አቃሰተ እንጂ ምንም አልሄደም።

“ፌንያ” አሉ ቀስ ብለው፤ “የትም የማይሄድ ብስክሌት ምን ያደርግልኛል?”

ፌንያ ቀና ብላ አየቻቸው። ከንፈሯ ሊንቀጠቀጥ ፈልጎ ጥርሷ ያዘው።

“ሙዚቃ እንከፍትልዎታለን” አለች።

አያት የልጅ ልጃቸውን ፊት አዩ፤ በዚህ ጊዜ እንባ አልጋረዳቸውም። ልጅቱ ከጸደይ ወዲህ አንድ ጣት ያህል ረዝማለች። አንድ ጣት ብቻ።

አቶ ሎዴማን ደረታቸውን ነፍተው መናገር ጀመሩ። ይህ ቀን በማኅበሩ ታሪክ በወርቅ ቀለም እንደሚጻፍ፣ የወይዘሮ ኢርምጋርድ ቤት ለመላው ወረዳ አርአያ እንደሚሆን ገለጹ። ንግግሩ ገና ወደ ጎርፉ ሲደርስ ወይዘሮ ኢርምጋርድ ካፖርታቸውን ለበሱ። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የባልታዛርን ልጓም ከሚስማሩ አወረዱ። በመጋዘኑ በኩል የብስክሌት ሰንሰለት ድምፅ ተሰማ።

“ውሳኔውን የሚቃወም አለ?” ብለው ጠየቁ ሊቀመንበሩ።

ፌንያ ፊሽካዋን ጥላ በመስኮቱ ላይ ተለጥፋ ነበር። ወይዘሮ ኢርምጋርድ ልጓሙን በትከሻቸው አንግተው፣ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እየነዱ ነበር። ውሳኔውም ተቃዋሚ በቤቱ ባለመገኘቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።