የኮሌጅ ክሬዲት አባቶች

በ2016 ዓ.ም. ስልሳ አራት ዓመቴ ነበር። እዚህ ኮሎምበስ፣ ልጁ ገና ሃይስኩል ሆኖ የኮሌጅ ኮርስ የሚወስድለት አባት ገጥሟችሁ ያውቃል? አስነጥሶት "ይማርህ" ብትሉት እንኳ ስለ ልጁ ክሬዲት ነው የሚነግራችሁ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልወድም።

የመጨረሻዋ ልጄ ሳሮን የኮሌጁን የካልኩለስ ፈተና ስትወስድ ግን፣ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩት እኔ፣ ካለፈች ብዬ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩ።

አንድ ቅዳሜ ውጤቷን በስልኳ አሳየችኝ።

"ዳድ፣ አልፌያለሁ። ኮሌጅ ስገባ ይሄን ኮርስ አልደግመውም። ፕሊስ፣ ለሰው እንዳትናገር።"

"እኔ ለማን እናገራለሁ?" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት አስቀድሜ የገዛሁትን ጃንጥላ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ዲያቆኑ የተሳልኩበትን ምክንያት በማይክ ሲያነብ፣ "ኋላ ያሉት አልሰሙም፣ ድገመው" አልኩት።