ለየአገሩ አንድ በግ

«ልጄ፣ አንቺ ተማሪ ነሽ፤ አፍሪካ ውስጥ ነፃ ያልወጣ ስንት አገር ቀረ?»

አባቴ ነው የጠየቀኝ፤ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ገበሬን የአፍሪካ ነገር ምን አስጨነቀው ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ ልንገራችሁ።

ቡናና እንሰት የተከልንበት መሬት የግራዝማች ነው፤ እኛ ጭሰኞች ነን። ግራዝማች ዲላ ከተማ ቤታቸው ራዲዮ አላቸው። አንድ የአፍሪካ አገር ነፃ ወጣ በተባለ ቁጥር ደስታቸው ልክ የለውም፤ ይደግሳሉ። ለድግሱ ደግሞ ጭሰኛ እጅ መንሻ ይዞ ይሄዳል፤ ደንብ ነው። ጋና ነፃ ወጣች፣ ሙክታችን ሄደ። ናይጄሪያ ወጣች፣ ማሩ ከነጋኑ ሄደ። አባቴ ጸሎት ላይ፣ «ጌታ ሆይ፣ ቡናው እስኪደርስ ፈረንጆቹን ትንሽ አቆይልን» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን ያድርግ?

በማግስቱ መምህራችንን ስንት አገር ቀረ ብዬ ልጠይቅ ስል፣ እሱ ራሱ ስለ ቅኝ ግዛት ማስተማር ጀመረ። ሰው ከሩቅ መጥቶ የሌላውን መሬት የኔ ነው ይላል፤ ባለአገሩ ያመርታል፣ እሱ ይበላል አለን። ነፃነት ሲመጣ ደግሞ የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ ነው አለ። እኔ ክፍል ውስጥ ድምፄ ተሰምቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን አወጣሁ።

«እንደ ግራዝማች?» አልኩ።

መምህሩ ሰሌዳውን እንዴት አድርጎ ቢያጠፋው ነው፣ የጠመኔው ብናኝ ሁላችንንም አሳለን። እኛ ቅኝ ተገዝተን አናውቅም አለ። ደገመው፤ በሩን እያየ። ወሬው እኔ ቤት ሳልደርስ ግራዝማች ዘንድ ደረሰ። ልጅቷ ትምህርቱ በዝቶባታል አሉ። ከትምህርቴም በዚያው ቀረሁ።

ይኸው አገባሁ፣ ወለድኩ። ባሌም የግራዝማች ጭሰኛ ነው፤ ሌላ ከየት ይመጣል? ጥሪታችን አንዲት ዶሮና አባቴ ለልጄ የሰጣት አንዲት እርጉዝ በግ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ጭቃ ሹሙ እያለከለከ መጣ። ስዋዚላንድ ነፃ ወጥታለች፣ ነገ በጋችሁን ይዛችሁ ቅረቡ አለ።

ባሌ ትንሽ አሰበና፣ «ጋሼ፣ ትንሽ አገር ናት አሉ። ዶሮ አትበቃትም?» አለው።

«ነፃነት ትንሽ የለውም!» ብሎ ተቆጥቶ ወደ ጎረቤት አለፈ።

እውነቱን ነው፤ ትንሽ የለውም። ልጄን አዘልኩ። በጓን ፈትቼ እንሰቱ መሃል ሸሸግኳት። ከዚያ ዶሮዋን ይዤ መጣሁና የበጓ ችካል ላይ አሰርኳት።