ተቃዋሚው ሙሽራ

ሰው በብዙ መንገድ ይጋባል። የታደለ በተክሊል፣ የቸኮለ በሰማንያ፣ ያልታደለች ደግሞ በጠለፋ። አባቶቻችን ይህን ሁሉ ደርድረው ሲያበቁ የጋብቻ ዓይነት ያለቀ መስሏቸው ነበር። አላለቀም። ካርቱም ላይ እኛ ስደተኞች አንድ ጨመርንበት፤ በኢንተርቪው መጋባት። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሻይ ቤት ይገናኛሉ፣ የእናትሽ ስም ማነው፣ በየትኛው ጎንህ ትተኛለህ እየተባባሉ ይጠናናሉ፣ ከዚያ ለአሜሪካ ስደተኛ በሚመርጠው ፈረንጅ ፊት ቀኝ እጃቸውን አንስተው «ባልና ሚስት ነን» ብለው ይምላሉ። የባለትዳር ኬዝ ቶሎ ያልቃል ይባል ነበራ! ሽማግሌ የለ፣ ጥሎሽ የለ፣ ድግስ የለ። አውሮፕላን ብቻ አለ።

አትፍረዱ። እናንተም ያን ፀሐይ ብትቀምሱት ከጠላታችሁ ጋር ትጋቡ ነበር።

እንዲህ ከተጋቡት ብዙዎቹ አሜሪካ እንደገቡ ኤርፖርት ላይ ተጨባብጠው ተለያይተዋል። አንዳንዶቹን ግን የቤት ኪራዩ፣ ብርዱና ብቸኝነቱ አብሮ ሲያቆያቸው፣ ውሸቱ እንደ ወተት ቀስ በቀስ ረግቶ ትዳር ወጣው። ሰብለና ተካልኝ ከእነዚህ ነበሩ። ቢያንስ እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነው።

ሰብለ የባለቤቴ የዘነበች የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት። ሲያትል ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ተካልኝ ደግሞ ፓርኪንግ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ (የጋብቻውን ሰማንያ አላልኩም) ኦክላንድ ድረስ ሊጠይቁን መጡ።

«ጫጉላችን ነው፤ ስድስት ዓመት ዘገየን እንጂ» አለች ሰብለ ሻንጣዋን እያስቀመጠች።

ሳቅን። ተካልኝ አልሳቀም፤ ተካልኝ በምንም ስለማይስቅ ግን ልብ ያለው የለም። ዝምተኛ ሰው ነው። ሰብለ ስትነሳ ኮቷን ያለብሳታል፣ ስትቀመጥ ወንበር ይስብላታል። ይህን ባየች ቁጥር ዘነበች በክርኗ ትጎሽመኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት እንግዳ ለቤቱ አባወራ አይበጅም።

ያን ጊዜ የኤርፖርት ቫን እነዳ ነበር። ማኑኤል የሚባል ፖርቱጋላዊ ባልደረባዬ፣ ሳን ሆዜ በሚገኘው አዳራሻቸው ካርኒቫል ስላለ እንግዶችህን ይዘህ ና አለኝ። ካርኒቫል ማለት የእነሱ ቅበላ ነው። እኛ ጾም ሳይገባ ሥጋችንን በልተን እንተኛለን፤ እነሱ በልተው፣ ጠጥተው፣ ጭምብል አጥልቀው ሌላ ሰው ይሆናሉ። የዚያ ዓመት የእነሱ ጾም ከእኛ ቀድሞ ስለሚገባ ምንም የሚከለክለን አልነበረም። ሄድን።

በር ላይ ጭምብል ታደለን። ለእኔ የዶሮ፣ ለዘነበች የድመት፣ ለሰብለ የቢራቢሮ፣ ለተካልኝ የአህያ። አስተካክሎ አጠለቀው። ውስጥ ጢማም ወንዶች የሴት ቀሚስ ለብሰው ወገባቸውን ይነቀንቃሉ። ዘነበች አማተበች። ማኑኤል ቋሊማ የሞላበት ትሪ ይዞ ሲመጣ «የምን ሥጋ ነው?» ብትለው፣ «የካርኒቫል!» ብሎ አለፈ። ዳቦውን በላን። ሰብለ ግን ከማያውቋት አሮጊቶች ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ስትዞር፣ ስትስቅ አመሸች። ሰው ሲደሰት ማየት ደስ ይላል፤ ምነው እዚያ ላይ ባበቃ።

ሙዚቃው ቆመና የቄስ ቀሚስ የለበሰ ቦርጫም ሰውዬ መድረክ ላይ ወጣ። የቀልድ ሠርግ አለ፣ ሙሽሮች እንፈልጋለን አለ። ሰብለ ዘላ እጇን አወጣች።

«ተው እንጂ ተካልኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ሙሽራ ልሁን!»

«ቀልድ አልወድም።»

«ቀልድ መሆኑን ካወቅክ ምን አስፈራህ?»

አሮጊቶቹ እየገፉ አወጡት። ለሰብለ የመስኮት መጋረጃ አከናነቧት፣ የሽንኩርት ቅጠል አስታቀፏት። ሙሽራው ከነአህያ ፊቱ ቆመ። ቦርጫሙ ቄስ የሆነ ያልሆነውን ሲያነበንብ ቆየና ድምፁን አወፈረ፤

«እነዚህ ሁለቱ እንዳይጋቡ ምክንያት የሚያውቅ ካለ አሁን ይናገር!»

አንዱ ጢማም፣ ቀሚሱ ውስጥ ትራስ ወትፎ «አርግዤለታለሁ!» እያለ እየጮኸ መጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ የተለመደ ቀልዳቸው ነው። ቀጥሎ የሆነው ግን የተለመደ አልነበረም። ሙሽራው ቀኝ እጁን አነሳ። በሌላው እጁ ጭምብሉን አወለቀ።

«እኔ አውቃለሁ» አለ በእንግሊዝኛ። «ሚስት አለችኝ።»

ሰዉ አበደ። ከእርጉዙ ይልቅ ለእሱ አጨበጨቡ፤ ማኑኤል ጀርባዬን እየደበደበ «ጓደኛህ ጉደኛ ተዋናይ ነው!» ይለኛል። ሰብለም ሳቀች። «ቆይ፣ አንተም ቀልድ ትችላለህ?» አለችው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ተካልኝ እኮ ውሃ ነበር ሲጠጣ ያመሸው።

ወደ አማርኛ ተመለሰ። «አዲስ አበባ ናት። በቁርባን ነው የተጋባነው። አንዴ እጄን አንስቼ ዋሽቻለሁ ሰብለ፣ ሁለተኛ አልችልም።»

ፊቱን አየችው። ሳቁ ከፊቷ ላይ ወዲያው አልወረደም፤ መሄጃ እንዳጣ ሰው ትንሽ ቆሞ ቆየ። ጭብጨባው አሁንም አልቆመም ነበር።

በእኔ መኪና ፍሪዌዩን ይዘን ተመለስን። መጋረጃውን ከትከሻዋ ላይ ያነሳላት የለም። ብዙ ከሄድን በኋላ ሰብለ ከኋላ ወንበር «ስሟ ማነው?» አለች።

«አስካለ።»

«ያን ሁሉ ዓመት ማድ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ እያለን ያልነገርከኝን፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ሁሉም እየሳቀ ነበር» አለ ተካልኝ። «ቀላል መሰለኝ።»

ሲያትል ብቻውን ተመለሰ። ሰብለ ሶፋችን ላይ ከረመችና ሳን ሆዜ ሥራ አግኝታ ወጣች። ያን ጊዜ ካገር የጠፋ ሰው ሚስቱ ጋ ቢደውል ጣጣው ለእሷ ይተርፋል ተብሎ ስለሚፈራ፣ ተካልኝ ስለ አስካለ ምንም ሰምቶ አያውቅም ነበር። በዓመቱ አንዲት የሰፈሩ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲያትል ገባችና ነገረችው። ተካልኝ በረሃ ላይ ሞተ ተብሎ ለቅሶው ተለቅሷል፣ ተዝካሩ ወጥቷል። አስካለ ካገባች ቆይታለች፤ ወልዳለች።

ኮል አደረገልኝ። መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቅኩትም፤ ሲያለቅስ ድምፁ ሌላ ነው። ከሰብለ ጋር አስታርቀኝ አለ። እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል?

ሰብለን ከሥራዋ ስትወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። የሽማግሌ ወግ አይቀርምና «ሰው ነው፣ ተሳስቷል» የሚለውንም ጨመርኩበት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«አለቀሰ?» አለችኝ።

«አለቀሰ። በስልክ ነው የሰማሁት።»

«እኔ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።» የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «ለማን ነው ያለቀሰው? ለእሷ ነው ለእኔ?»

ሽማግሌ ለማስታረቅ ቢዋሽ ኃጢአት የለበትም ይላሉ። «ላንቺ ነው» ብል ምን ነበረበት? ሁለት ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ፤ ከፍቼ ቀረሁ።

አውቶቡሱ መጣ። «ዘነበችን ሰላም በልልኝ» ብላ ተሳፈረች።

መኪናዬን አስነስቼ ወደ ሰሜን ነዳሁ። ለተካልኝ ምን ብዬ ኮል እንደማደርግለት እስከ ዩኒየን ሲቲ ሳስብ ሄድኩ። ኦክላንድም ደረስኩ፤ አልመጣልኝም።