አባቴ የተሳለው ኳስ

«ቃሉን የገባኸው በማን ጉልበት ነው? በራስህ ነው ወይስ በልጅቷ?» አለች እናቴ፣ የወጥ ማማሰያዋን እንደያዘች።

«ለጌታ የተገባ ቃል የማን ጉልበት አይባልም» አለ አባቴ።

«ይባላል እንጂ! ኳስ የምትጫወተው እሷ፣ ኳሷን የምትሰጠው አንተ!»

ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በሩ ላይ ቆመዋል። ወንፊት ሊመልሱ መጥተው ጠብ አገኙ፤ ጠብ ደግሞ ወንፊት መልሶ ቶሎ የሚኬድበት ነገር አይደለም። እሳቸው የገብርኤል ሰው ናቸው፣ እኛ ጴንጤዎች ነን። በሰፈራችን ይህ ሲያሳስቅ እንጂ ሲያጣላ አላየሁም።

«ቆይ ቆይ፣ እናንተ ስለት የለንም ትሉ አልነበረም እንዴ?» አሉ። «እኛ እንኳ ለገብርኤል የምንሳለው ጃንጥላ ነው። ምነው፣ ዲላ ላይ ጃንጥላ ጠፍቶ ነው የልጅህን ኳስ የተሳልከው?»

«ስለት አይደለም፣ እትዬ። ቃል ኪዳን ነው።»

«እንግዲያው ጃንጥላውም ቃል ኪዳን ነዋ!»

እኔ እዚያው ነበርኩ። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ከነልጣጩ የደረቀ ጀንፈል ቡና የሞላ ትንሽ ከረጢት አስሬ፣ እግሬን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። አባቴ «ጌታ የልጄን ጉልበት ከፈወሰልኝ ኳስ ትተዋለች» ብሎ ቃል መግባቱን የሰማሁት ያን ዕለት፣ በዚያ ጠብ መሀል ነው። እግሬ አየር ላይ ቀረ። ማንም አላየውም።

እንግዲህ ታማችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን አትክዱኝም፤ እኛ ዘንድ ሰው እስኪታመም ድረስ የራሱ ነው፣ ከታመመ በኋላ ግን የሰፈሩ ነው። ጉልበቴ ያበጠ ሰሞን ሙዝና ለስላሳ ይዞ የመጣው ጠያቂ ሁሉ መጀመሪያ ጉልበቴን ዳበሰ፣ ቀጥሎ ምክሩን ሰጠ፣ በመጨረሻ «ለመሆኑ ሴት ልጅን ኳስ ሜዳ ማን ላካት?» እያለ ያመጣውን ለስላሳ ራሱ ጠጣው። ከዱመርሶ የመጣችው አክስቴ ቅቤ ይቀባ አለች። የአባቴ የሥራ ባልደረባ «ይርጋጨፌ ውስጥ አንድ ወጌሻ አለ፣ እሱ ይሽው» አለ። አንዱ አሙቁት፣ ሌላው አቀዝቅዙት አለ። ጉልበቴ አፍ ቢኖረው ኖሮ ከእኔ ይሻል ነበር፤ እኔማ አፍ እያለኝ ዝም እላለሁ። ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊት ልናገር ስል ድምፄ ወደ ሆዴ ይመለሳል።

ኳስ ሜዳ ላይ ግን አይመለስም ነበር። እዚያ «ስጪኝ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ «ተመለሺ፣ ያዣት!» ብዬ አዛለሁ። ያቺን ሳሮን የሚያውቋት የትምህርት ቤታችን የሴቶች ቡድን ልጆች ብቻ ናቸው። ከገደብ ከተማ ልጆች ጋር ስንጫወት፣ ዝናብ ባቦካው ሜዳ ላይ እግሬ ጭቃ ውስጥ ተቸክሎ ሰውነቴ ብቻውን ዞረ። ጉልበቴ ከሁለቱ ማንን እንደሚከተል ግራ ገባው። አባቴ ከተመልካቹ መሀል ሮጦ ገባ፤ አንዱ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። አቅፎኝ ወጣ፣ ለጫማው ዞር ብሎም አላየ።

ሆስፒታል ጅማቱ ተጎዳ እንጂ አልተበጠሰም አሉን። እንቅስቃሴውን በትዕግሥት ከሠራች ኳስም ትጫወታለች አሉ። እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ነው። እግር ላይ የሚታሰር ክብደት ያስፈልጋታል ሲሉት፣ አባቴ ቡና መዛኝ ነውና፣ ከረጢት ሰፍቶ ጀንፈል ሞላበት። ጉልበቴ በበረታ ቁጥር አንድ እፍኝ ይጨምራል፤ ያመመኝ ቀን እፍኙን መልሶ ያወጣል። ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ፊት ለፊቴ ይቀመጥና «አንሺ ልጄ… ያዢው… ቀስ ብለሽ አውርጂ» ይለኛል። ሳቃስት አብሮኝ ያቃስታል። አንድ እፍኝ በተጨመረ ቁጥር ለእኔ ሜዳው ቀረበ። ለእሱ ቃሉን የሚከፍልበት እሑድ ቀረበ። የምናነሳው አንድ ከረጢት ነበር፤ የምንሄደው ግን ለየቅል።

ቃሉን የገባው የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ቤታችን መጥቶ ሲጸልይልኝ ነው። እኔን ማስታገሻው አስተኝቶኛል፣ እናቴ ጓዳ ናት። እሱ በሽማግሌዎቹ ፊት ተንበርክኮ ኳሴን ሰጠ። ስለት የሚያምረው ከራስ ኪስ ሲወጣ ነው፤ ነገር ግን የአባት ኪስ የት ላይ እንደሚያልቅ የነገረው ሰው የለም። አሁን ደግሞ ጉልበቴ ድኗልና፣ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ እንድመሰክር፣ ኳስ መተዌንም በራሴ አፍ እንድናገር ተቀጥሯል። እናቴም ማማሰያዋን ያነሳችው ይህን ስትሰማ ነው።

በማግስቱ ከረጢቱን ሲያስርልኝ እንደ ምንም ድምፄን አወጣሁ።

«አባዬ፣ እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?»

እጁ ቆመ። «ስትወድቂ አየሁሽ እኮ፣ ልጄ። እንዲያ ስትጮኺ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ሰዓት ያለኝን ሁሉ ነው የሰጠሁት።»

ያንተ አልነበረም። ይህን አላልኩትም።

«ደግሞስ፣ ከዳንሽ ምን ቀረብሽ?» አለና አንድ እፍኝ ጨመረበት።

መልሼ ላነክስ አስቤ ነበር፣ አልደብቃችሁም። ብድን ኳሱ ይሄዳል፤ ባልድን ኳሱ አይመጣም። እናቴ ታድነኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቅዳሜ ቀሚሴን ስትተኩስ «የአባትሽን ፊት ሰው መሀል አታጥቁሪው። ሁለት ቃል ናት፣ ብለሽ ትወርጃለሽ» አለችኝ። በማግባባት የሚያህላት የለም። ፊቷን ግን ከካውያው ላይ አላነሳችም።

እሑድ ደረሰ። «እህታችን ሳሮን!» አሉ ሽማግሌው፣ «ትናንት በክራንች፣ ዛሬ በእግሯ!» አዳራሹ ሃሌሉያ አለ። አባቴ ከፊት ወንበር ላይ ነው፤ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል። ማይክሮፎኑ እጄ ውስጥ አንዴ ጮኸ። ሁለት ቃል። «ኳስ ትቻለሁ።» የሁሉም ዓይን አፌ ላይ ተተከለ። ድምፄ እንደ ልማዱ ወደ ሆዴ ተመለሰ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይመለስ ብዬ ተውኩት።

ማይክሮፎኑን አትሮንሱ ላይ አስቀመጥኩ። ሆስፒታል እንዳስተማሩኝ የተጎዳውን እግሬን አስቀድሜ ደረጃውን ወረድኩ።

«ኧረ አረማመዷን እዩልኝ!» አለች አንዲት ሴት። እልልታው ቀለጠ። ደስታው ቃል አሳጣት፣ በእግሯ መሰከረች ተባለ። አባቴ ተነስቶ ከሁሉም በላይ ያጨበጭባል። አጠገቡ ስደርስ ፊቴን አየው፤ እጆቹ ሳይገናኙ አየር ላይ ቀሩ።

በጭብጨባው መሀል አልፌው ወጣሁ። አላነከስኩም።