ሰማይ የላካቸው ሚዜዎች

ሰማይም እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ኮከብ ማለት አላህ ባስቀመጠው ቦታ ረግቶ የሚያድር ነበር፤ ዛሬ ቀና ብላችሁ ብታዩ ግማሹ ጉዳይ እንዳለበት ሰው ጥድፍ ጥድፍ ይላል። ከሚሴ ላይ ዲሽ እየተከልኩ የምተዳደር ሰው ይህን ሲያማ አይግረማችሁ፤ እንጀራዬ የተንጠለጠለው እዚያው ነው።

ሰማይ ላይ የተሰቀለውን ዕቃ ጣሪያ ላይ ቆሜ ፈልጌ የማገኝ ሰው፣ እዚህ ምድር ላይ የምወዳትን ዘሃራን ማግኘት አቃተኝ። አባቷ ሐጂ እንድሪስ፣ ሰንበቴ ገበያ ላይ በሬ ይነግዳሉ። የሁለታችንን ስም ከየእናቶቻችን ስም ጋር አስቆጥረው፣ «የሷ ኮከብ እሳት፣ የሱ ውኃ። አይሆንም» አሉ። ሽማግሌ ላክሁ፤ መለሷቸው። ደግሜ ላክሁ፤ መለሷቸው። ገበያ ሙሉ ሰው በቃላቸው የሚያምናቸው ነጋዴ ያሉትን እንዴት ያጥፉት? ዘሃራ ደግሞ፣ «አሁንም ካልሆነ ለባቲው ነጋዴ ይሰጡኛል» ብላ ላከችብኝ።

በሦስተኛው ልመና፣ ከምሽቱ የመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ግቢያቸው ውስጥ ሲለምኑልኝ እኔ ጣሪያቸው ላይ ነበርኩ። ዲሻቸው አልሠራ ብሎ አስጠርተውኝ ነው። ለሐጂ ዲሽ ማሠራት ሌላ፣ ልጅ መስጠት ሌላ።

ድንገት ከጨፋ ሸለቆ በላይ አንድ ብርሃን ብቅ አለ፤ ከኋላው ሌላ፤ ከኋላው ሌላ። በገመድ እንደተቀጣጠሉ ግመሎች ተሰልፈው መጡ። ሽማግሌዎቹ ልመናውን ረሱት። ሐጂ ትንሽ ጠበቁና፣ «ሱብሓነላህ፣ ኮከቦቹ ራሳቸው ሚዜ ሆነው ከመጡ እኔ ማን ነኝ የምከለክል» አሉ።

ሳተላይት መሆናቸውን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አፌን ከፈትኩ። ዘሃራን ማድቤቱ በር ላይ ቆማ አየኋት። ዘጋሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ተጋባን። ከዚያ እነዚያ ሳተላይቶች ጥቂት ዓመት ዞረው፣ ተቃጥለው እንደሚረግፉ አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። ሚዜዎቼ ሲያልቁ ሐጂ ልጃቸውን ቢያስመልሱስ? ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ሐጂ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የሚያልፉበትን ሰዓት ጅዳ ያለው የዘሃራ ወንድም በስልክ ነግሮኝ ነው ሽማግሌዎቹን የቀጠርኩት። ልጅቷ ዐይኗ እስኪያብጥ ስታለቅስ፣ ቃሌን የምመልስበት ሰበብ አጥቼ ነበር። የዲሹን ገመድም የነቀልኩት እኔው ነኝ። ጣሪያ ላይ ሆነህ ቀድመህ አይተህ ‹ኮከብ መጣ› ትላለህ ብዬ ነበር፤ አንተ ግን አፍህን ከፍተህ ዘጋኸው።»

ደረቴ ቀለለ። ሲሸኙኝም ለወጉ ያህል፣ «ታዲያ ያ የእሳትና የውኃው ነገርም ሰበብ ነበር ማለት ነው?» አልኳቸው።

«እሱማ እውነት ነው» አሉ። «ቻለው።»